226 መጣ ወይ?

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ውስጥ ዛሬም ድረስ የምትኖር፣ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያያት አንዲት ፕሮግራም አለች። ዴስክቶፕ ላይ አትታይም፤ በስታርት ዝርዝር ውስጥም ስሟ የለም። ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት ከፍቶ ኤፍ፣ ቲ፣ ፒ የሚሉትን ሦስት ፊደላት የጻፈ ሰው ብቻ ያገኛታል። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ እንዲሁ አለች። ስትጠራ የራሷን ስም መልሳ ትጽፍና ጠቋሚዋን እያብለጨለጨች ትጠብቃለች። እንኳን ደህና መጡ የለ፣ ምን ልርዳዎ የለ። የሚያውቃት ያዝዛታል፤ የማያውቃት ደንግጦ ይዘጋታል።

በ2000 ዓ.ም. ግድም እኛ አዘና ላይ ሪፖርት የምንልከው በእሷ ነበር።

አዘናን ለማያውቅ፦ ሰባት ቤት አገው ሲቆጠር አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ መተከል ተብሎ አዘና ካልተጠራ ሰባት አይሞላም። ስሙ የዚህን ያህል ይግነን እንጂ ከተማዋ አንዱ ሲያስነጥስ ከማዶ «ይማርህ» የሚባልባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ኮምፒውተር ማለት ለብዙው ሰው ማመልከቻ የሚተየብበት፣ ማታ ማታ ጨርቅ የሚለብስ ዕቃ ነበር። የእኛ ቢሮ አንድ ለጸሐፊዋ፣ አንድ ደግሞ «የኔትወርኩ» የሚባል ማሽን ነበረው። ከኔትወርኩ ማሽን ፊት የተቀመጠው ወንበር እንጅባራ የተሠራ የቀርከሃ ወንበር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡበት ሱሪ ላይ መስመር ያትማል። ማን ፋይል ሲልክ እንደዋለ ከኋላው ይታወቅ ነበር።

የኔትወርኩ መስመር ከመምጣቱ በፊት ሪፖርት የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ በፌስታል ይጠቀለላል፣ ወደ ኮሶበር ለሚሄድ የቢሮ ሰው ይሰጣል። (እንጅባራን ኮሶበር የማይል ሰው ያኔ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የመንግሥት ደብዳቤ እየጻፈ ነው።) ከዚያ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። ፍሎፒ ደግሞ ክፉ ዕቃ ናት። አቧራ ትፈራለች፣ ሙቀት ትፈራለች፣ የሚኒባስ ስፒከር ማግኔት ትፈራለች። ደርሳ ስትከፈት «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም» ካለች የሳምንቱ ሥራ ውኃ በላው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ሁለት ፍሎፒና አንድ የታተመ ወረቀት ይልካል፤ ባሕር ዳር ያለችው ጸሐፊም ብዙ ጊዜ ፍሎፒዎቹን ወደ ጎን ትታ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ትተይበዋለች።

በኋላ ሳህኑ መጣ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የሚባለው የመንግሥት መረብ ወረዳዎችን በሳተላይት ማገናኘት ሲጀምር፣ የፕላዝማ ትምህርትም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ፣ ነጭ የሳተላይት ሳህን በየገጠሩ ከተማ የተለመደ ነገር ሆነ። የእኛም መስመር የሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው። ባሕር ዳር በመኪና በዕለቱ የሚደረስባት ከተማ ሆና ሳለ ፋይላችን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ 36 ሺህ ይወርድ ነበር። ይህ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱ ሲመለስ ሌላ ሩብ። ትእዛዝ ጽፈህ ኢንተር ስትል መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያለችውን ግማሽ ሰከንድ እጅ ይለምዳታል፤ ከለመዳት በኋላ ስትረዝም ወዲያው ያውቃል። ክረምት ሲገባ፣ የእኛ የአዊ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ ደመናው ሲከብድ ሲግናሉ ይደክማል። ሞደሙ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞረን ሰማይ እናያለን።

የሪፖርት ቀናችን ሐሙስ ነበር። ከየቀበሌው የመጣው ቁጥር ኤክሴል ላይ ገብቶ፣ ተደምሮ፣ ዚፕ ተደርጎ ከሰዓት በኋላ ይዘጋጃል። ከዚያ ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። «ኦፕን» ትላለህ፣ የሰርቨሩን ቁጥር ታስከትላለህ። 220 ትመልሳለች፤ ሰርቨሩ አለ፣ ዝግጁ ነው። የተጠቃሚ ስምህን ትጽፋለህ። 331፤ ስምህን ሰምቻለሁ፣ የይለፍ ቃልህን ወዲህ በል። የይለፍ ቃሉን ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይወጣም፣ ጠቋሚዋም ካለችበት ንቅንቅ አትልም። አዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። 230፤ ገብተሃል። ከዚያ «ባይናሪ»፣ ከዚያ «ሀሽ»፣ ከዚያ «ፑት» እና የፋይሉ ስም። 150፤ የፋይሉ መስመር እየተከፈተ ነው። ሲያልቅ 226፤ ተጠናቋል። «ባይ» ስትል 221፤ ደህና ሁን።

ቁጥሮቹ ሥርዓት አላቸው። በ2 የሚጀምር ተሳክቷል ነው። በ3 የሚጀምር ገና ቀሪ አለ፣ ቀጥል ነው። በ4 የሚጀምር ለጊዜው አልሆነም፣ ቆየት ብለህ ሞክር። በ5 የሚጀምር ግን አንተ ራስህ አንድ ነገር ካልቀየርህ ስትሞክር ብትውል አይሆንም። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታ ገባ። ምሳ በልቶ የመጣ ሰው «226» ይላል። አበል ጠይቆ የተከለከለ «550 አሉኝ» ይላል፤ ፋይሉ የለም ወይም አልተፈቀደልህም ማለት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ነው የምትናገረው፣ አበሉም እንደዚያው። ጥቁሩን መስኮት አንድ ቀን ከፍታ የማታውቀው ጸሐፊያችን ሳትቀር ሐሙስ ወደ ማታ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «226 መጣ ወይ?» ትለን ነበር። ካልመጣ አትሄድም፤ ሪፖርቱን የተየበችው እሷ ናትና።

ስለ ሀሽ ትንሽ ልበል። ይህችን ትእዛዝ ስትሰጥ ፕሮግራሟ ለእያንዳንዱ 2048 ባይት አንዲት የሀሽ ምልክት እየጻፈች ትሄዳለች። የ300 ኪሎ ባይት ፋይል 150 ሀሽ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በ80 ፊደል ስፋት ስክሪን ላይ ሁለት መስመር አይሞላም። መቶኛ የለ፣ የቀረ ደቂቃ የለ፣ የሚሽከረከር ክብ የለ። መስመሩ ደኅና ሲሆን ምልክቶቹ ይደረደራሉ፣ ሲታመም አንድ በአንድ ይንጠባጠባሉ። ላዩን ላየ የማይረባ ነገር ነው፤ ስትኖርበት ግን የመስመሩን ጤና ከየትኛውም ሜትር በላይ ይነግርሃል።

ደግሞ አንድ ተንኮል ነበረባት። ፋይል ስትልክ ሀሽ የምትጽፈው ባይቱ ከፕሮግራሟ እጅ ሲወጣ ነው፤ ባሕር ዳር ሲደርስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ቶሎ ቶሎ ወጥተው ከዚያ ቀጥ ይላሉ። የወጣው ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚያውቀው ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ አጠገብ ያሉት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

ጋሼን በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። በድምፅ ግን ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ አውቃቸዋለሁ። ሰርቨሩን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ፋይል ሲያንገራግር በመደበኛው ስልክ እንደውላለን።

«ሃሎ፣ ጋሼ፣ ከአዘና ነኝ።»

«አቤት! እንዴት ዋላችሁ? ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ዝናቡማ ምን ይላሉ ጋሼ፤ እሱ ነው የያዘን። ሀሿ ከቆመች ቆየች።»

«ቆይ፣ አንዴ ጠብቀኝ።» ኪቦርድ ሲመታ ይሰማኛል። «212 ሺህ ደርሶልኛል። ... አሁን 214። እየመጣ ነው፣ እንዳትዘጋው።»

«ልጠብቅ?»

«ጠብቅ እንጂ። 219። ሰማኸኝ? 219 ገባ። ምን ያስቸኩልሃል?»

እሳቸው በሰርቨሩ በኩል የፋይሉን መጠን እየደጋገሙ ያዩታል፣ እኔ በዚህ በኩል ምልክቷን አያለሁ። ሁለት ሰው ለአንድ ፋይል። መጨረሻ ላይ የባይቱን ቁጥር አንድ በአንድ ያነቡልኛል፣ እኔም ከእኔ ጋር አመሳክሬ «ልክ ነው» እላለሁ። አንዲት ባይት ከጎደለች ከመጀመሪያው ነው። የዊንዶውሷ ኤፍቲፒ ከተቋረጠበት መቀጠል አታውቅም፤ ፋይሉ 9/10ኛው ደርሶ ቢበጠስም ከዜሮ ትጀምራለች። መድኃኒቱን ያሳዩን ጋሼ ናቸው፤ ትልቁን ፋይል በዊንራር በ100 በ100 ኪሎ ባይት እየቆራረጡ መላክ። አንዱ ቁራጭ ቢጠፋ አንዱን ብቻ ትደግማለህ። እሳቸው ወዲያ ሆነው ይገጣጥሙታል።

«ባይናሪ» የምትለዋን ቃል ያስጨበጡንም እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሟ ካልተነገራት በቀር የምትልከውን ሁሉ ጽሑፍ ነው ብላ ትነሣለች። ዊንዶውስ ጽሑፍ ውስጥ መስመር ሲጨርስ 13 እና 10 የሚባሉ ሁለት ባይቶች ያስቀምጣል፤ የሊኑክስ ሰርቨር ግን 10 ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ፋይሉ ሲሻገር ጥንዱ በተገኘበት ሁሉ 13ቱ ይጣላል። ለደብዳቤ ይህ መልካም አገልግሎት ነው። ዚፕ ፋይል ውስጥ ግን 13 እና 10 ተከታትለው ቢገኙ የመስመር መጨረሻ ሆነው አይደለም፤ እንዲሁ የተጨመቀው ቁጥር አካል ናቸው። ጥቂት ባይት ከመሀሉ ሲመዘዝ ዚፑ አይከፈትም። ክፋቱ ደግሞ ላኪው ምንም አያይም። 226 ይመጣለታል፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሰኞ ስልክ ይደወላል። ከአዳዲስ ሠራተኞች መካከል ይህ ያልገጠመው አልነበረም፤ የኔትወርኩ ማሽን ጠርዝ ላይ «መጀመሪያ ባይናሪ!» የሚል ወረቀት በፕላስተር የተለጠፈውም ለዚህ ነው።

ከፋይል በላይ ያስቸገረን ግን ፊደል ነው። ያኔ የአማርኛ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር የሚተየበው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ሆኖ ፎንቱ ነው የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ስለዚህ ለማናውቀው ቢሮ ደብዳቤ ስንልክ መጀመሪያ ፎንቱን፣ ቀጥሎ ደብዳቤውን እንልካለን፤ ፎንቱም በባይናሪ ካልሄደ ዋጋ የለውም። ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የሚለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ለሕዝብ ያወጣው በ2007 ነው። የእኛ ማሽን ግን ኤክስፒ ነበር፣ ጸሐፊያችንም ጣቷ የለመደውን ኪቦርድ በዩኒኮድ የምትለውጥ ሴት አልነበረችም።

የፋይሉን ስም በአማርኛ ማድረግማ የማይታሰብ ነው። ኤፍቲፒን የዓለም ቋንቋዎችን ሁሉ እንድትቀበል የሚያደርግ ደንብ በዚያው በ1999 ወጥቶ ነበር፤ ጥቁሯ መስኮት ግን አልሰማችም። «ሐምሌ ሪፖርት» ብለህ ስም ብታወጣ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ የወረዳው ስም፣ ወሩ፣ ዓመቱ። ጋሼ ስሙን የማያውቁት ፋይል ሲያዩ ያጠፉታል ይባል ስለነበር ማንም በዚህ አይቀልድም።

ከሁሉ የባሰው በአውጚ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣልና የፈተና ወረቀትና የመማሪያ ጽሑፍ አልፎ አልፎ በእኛ መስመር ይተላለፍ ነበር። አውጚ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፣ ለዚያም ጘን ከነቤተሰቡ ይጠቀማል። በዩኒኮድ ውስጥ ጘ ከመጀመሪያው አለ። እኛ ማሽን ላይ በነበረው ፎንት ግን አልነበረም። አንድ የአውጚ መምህር ያደርጉት የነበረውን አልረሳም። ጸሐፊዋ «ገ» ብላ ትጽፍና ቦታውን ታሰምርበታለች፤ ታትሞ ሲወጣ መምህሩ እስክሪብቶ ይዘው ከገጹ ራስ እስከ ግርጌ የተሰመረበትን እያንዳንዱን «ገ» በእጃቸው ወደ «ጘ» ይቀይራሉ። ጽሑፉ በኤፍቲፒ የሚሄደው የተሰመረበት ሆኖ ነው፤ ወዲያ ማዶም እንዲሁ እስክሪብቶ የያዘ ሌላ መምህር ይጠብቀዋል። ዛሬ በስልክ ኪቦርድ ጘን በአንድ ንክኪ የሚጽፍ ልጅ ሳይ እኒያ መምህር ትዝ ይሉኛል።

የጥር 23ቱን ሳልናገር አላልፍም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በየዓይነቱ ተሽልሞ ይወጣል። ከአዘና የሚሄዱ ፈረሰኞች ቀደም ብለው ይነሣሉ። አንድ ዓመት ቢሮው አዲስ ዲጂታል ካሜራ ነበረው፣ ፎቶውም በማግሥቱ ባሕር ዳር መድረስ ነበረበት። አንዱ ፎቶ ወደ አንድ ሜጋ ተኩል። መስመራችን በደኅና ቀን በሰከንድ 8 ኪሎ ባይት ብታሳልፍ ነው፤ አንዱ ፎቶ ከሦስት ደቂቃ በላይ፣ አርባው ከሁለት ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ምንም ካልተቋረጠ። ማታ ሰው ሲወጣ ጀመርን። ብዙ ፋይል በአንዴ የሚልከው ትእዛዝ «ኤምፑት» ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል «ይሄን ልላክ?» እያለች ትጠይቃለች፤ መጀመሪያ «ፕሮምፕት» ብለህ አፏን ካላስያዝሃት አርባ ጊዜ «አዎ» ትላለህ። አፏን አስያዝናትና ቡና አፈላን። ፎቶዎቹ በስማቸው ቅደም ተከተል ሲሄዱ የትኛው ፈረስ እንደደረሰ እየቆጠርን፣ «የእገሌ ቦራ ደረሰ፣ የእገሌ ዳማ መንገድ ላይ ነው» እየተባለ አመሸን። ቀይ ጥላ የያዙ አንድ አዛውንት ፎቶ መሀል ላይ መስመሩ ተበጠሰ፤ እንደገና ሲሞከር እዚያው ፎቶ ላይ ተበጠሰ። በአውጚ አንዱ የሆነ ነገር ተናገረና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አውጚዬ ለቀልድ አይበቃም፤ ከሳቁ ግን ፈረሱ ሰማይ መውጣት እምቢ አለ ማለቱ ይመስለኛል።

ይህችን ጥቁር መስኮት ቢሯችን እንደ አዲስ ነገር ነበር የተቀበላት። ዕድሜዋን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። አብሃይ ቡሻን የሚባል በአሜሪካ ኤምአይቲ ይማር የነበረ ሕንዳዊ የፋይል ማስተላለፊያውን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1971 ነበር፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። ዛሬ ኢንተርኔት የሚሄድበት የቲሲፒ አይፒ ደንብ ራሱ ያኔ አልነበረም። እስከ ዛሬ የምንሠራበት ቅርፁ የተጻፈው በጥቅምት 1985 ነው። እንግዲህ አዘና ላይ «ፑት» ስል የምናገረው ቋንቋ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

በኮምፒውተር መላላክ ኢትዮጵያም ዘንድ ቀድሞ ደርሷል። ከኢንተርኔቱ በፊት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በሚባለው ፕሮጀክቱ በኩል ኢሜይል እያጠራቀመ በስልክ መስመር ያመላልስ ነበር። ቴሌ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያ ዘመን ጥሩ በሚባለው የ33.6 ሞደም አንዲት ፍሎፒ የምትይዘውን ፋይል ለማውረድ በስሌት 6 ደቂቃ ይበቃል፤ በተግባር ግን ስልኩ እስኪያዝ ያለውን ማን ቆጥሮት።

የግዕዝ ፊደልም በኮምፒውተር ላይ እግሩን ሲተክል ኤፍቲፒ ባለውለታው ናት። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል ጽፎ በየትኛውም መስመር የማሳለፍ ዘዴ ያወጡት በዚያው በኢሜይሉ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ግዕዝን ሲያካትት ጽሑፉ የሚገባው በዚያ ዘዴ ነበር፤ ያንን ክፍል የጻፈው ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ሀምቡርግ ላይ ደግሞ ብርሃኑ በየነ ከእነ ማንፍሬድ ኩድሌክና ኦላፍ ኩመር ጋር ሆኖ ግዕዝን በላቴክ ለማተም የሚያስችል ጥቅል ሠርቶ ሲታን በሚባለው የዓለም ማከማቻ ውስጥ አስቀመጠ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከዚያ ማከማቻ ፋይል ስወስድ ነው ኤፍቲፒን ያወቅኋት። የሚገባው እንዲህ ነው፤ ስምህን ስትጠየቅ «አኖኒመስ» ትላለህ፣ ስም የለኝም። የይለፍ ቃል ስትጠየቅ የኢሜይል አድራሻህን ትሰጣለህ፤ ግዴታ አይደለም፣ ወግ ነው። ማንም አያጣራም። ዋሽተህም ትገባለህ፣ ግን አብዛኛው ሰው እውነተኛውን ይሰጥ ነበር። ዛሬ አንድ ፒዲኤፍ ለማውረድ ስልክ ቁጥር፣ ኮድ፣ «ሮቦት አይደለሁም» እያሉ ትራፊክ መብራት መቁጠር ሲመጣ ያ ወግ ትዝ ይለኛል።

እሷን የገደላት ያው የዋህነቷ ነው። የይለፍ ቃል ስክሪን ላይ አይታይ እንጂ በመስመሩ ላይ የሚሄደው እርቃኑን ነው፤ መሀል የተቀመጠ አድማጭ እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። ደግሞ በአንድ መስመር ትታዘዛለች፣ ፋይሉን በሌላ መስመር ትልካለች፤ የዊንዶውሷ እህታችን ሁለተኛውን መስመር ሰርቨሩ ራሱ ወደ እሷ እንዲከፍት ነው የምትጠይቀው። ፋየርዎል በየቢሮው ሲገባ ያ መስመር ከውጭ የመጣ ባዕድ ተቆጠረና ተዘጋ። ትገባለህ፣ 230 ይመጣል፣ ዝርዝር ስትጠይቅ ዝም። ሥራ የጀመረ ሁሉ ኬላው ላይ ቀረ። ትልልቆቹም ተራ በተራ ተዉዋት። የሊኑክስ ከርነል ማከማቻ በመጋቢት 2017፣ ደቢያን በዚያው ዓመት ኅዳር ለሕዝብ የከፈቱትን የኤፍቲፒ በር ዘጉ። ፋየርፎክስ በሐምሌ 2021፣ ክሮም በጥቅምት 2021 ከብራውዘራቸው አወጧት። ወራቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ልክ ነበሩ፤ እኔም ሰርቨር ብጠብቅ እዘጋት ነበር። ሰው የወደደውን ሁሉ ይቀጥል ማለት አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእኛ ቢሮ እሷን የተዋት በውሳኔ አይደለም። መጀመሪያ ፍላሽ ዲስክ መጣ፣ ቀጥሎ የሲም ካርድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ኢሜይል፣ በመጨረሻ ቴሌግራም። አንድ ሐሙስ ሪፖርቱ በቴሌግራም ሄደ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ከዚያ የኔትወርኩ ማሽን ጨርቁ ሳይነሣለት ወራት አለፈ። ቴሌግራም ሁለት ምልክት ትሰጣለች፣ ታይቷል ማለት ነው። የባይቱን ቁጥር ግን ማንም ለማንም አያነብም። ሰርቨሩ ላይ የነበሩት የእነዚያ ዓመታት ሪፖርቶች፣ የተሰመረባቸው የአውጚ ጽሑፎች፣ የፈረሶቹ ፎቶዎች ሰርቨሩ ሲቀየር የተወሰኑት ሲዲ ላይ ተገለበጡ፤ የቀሩትን ማንም አልጠየቀም። የት እንዳሉ የሚያውቁት ጋሼ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል። ባሕር ዳር ሄጄ በአካል ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቡና ጠጣን። በድምፃቸው ባላውቃቸው ኖሮ ጎናቸው ተቀምጬ እንኳ አልፋቸው ነበር። ስለ ልጆቼ ሳይጠይቁኝ ስለ ሳህኑ ጠየቁኝ፤ ዝገት በልቶታል አልኋቸው።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲሠራ አየሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚማረው። ጥቁር መስኮት ከፍቷል። ጠጋ ስል ኤስኤፍቲፒ ነው፤ በሌላ ደንብ የተሠራ፣ የይለፍ ቃሉን ሸፍኖ የሚያስኬደው አዲሱ መሣሪያ። ቃሎቹ ግን ያው ናቸው፤ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ባይ»። ሲወጣ 221 አትልም፣ ዝም ብላ ነው የምትዘጋው።

«አጎቴ፣ አንተ ይሄን ታውቀዋለህ እንዴ?»

አውቀዋለሁ አልሁና ወንበር ስቤ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሳህኑን፣ ደመናውን፣ ሀሿን፣ በ100 ኪሎ ባይት የተቆራረጠውን ዚፕ፣ ስልክ ላይ የሚነበበውን ቁጥር። ልጅ ነው፣ በትዕግሥት ሰማኝ። ሲያበቃ ትንሽ አሰበ።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ሪፖርት?»

«ለአንድ ሪፖርት አይደለም» አልሁት፤ «በየሳምንቱ ነው።»